በሰው ስም የታየ ጡት

ሰሞኑን ኮምቦልቻ፣ ሱቄ ፊት ለፊት ያለው ክሊኒክ በራፉን በበረኪና ማጠብ ጀምሯል። ጠዋት ጠዋት ሽታው መንገዱን ተሻግሮ ይመጣል፤ ያን ጊዜ የምመዝነውን ረስቼ ጅዳ እገባለሁ። ሌላው ሰው ጅዳ ሲባል ባሕሩን፣ ወርቅ ቤቱን፣ የመብራቱን ብዛት ያነሳል። እኔን ጅዳ የሚሸተኝ በረኪና በረኪና ነው። ያገራችን ልጅ ያንን ከተማ ከዳር እስከ ዳር በበረኪና ስታጥበው ኖራለች፤ ከተማው ግን አንድ ቀን እንኳ እጇን አይቶ "ምን ሆነሽ ነው?" አላላትም። "ጅዳ ናፈቀኝ" የሚል ሰው ሲገጥመኝ፣ ወይ ወለል ወልውሎ አያውቅም፣ ወይ ሊሸጥልኝ የፈለገው ነገር አለ ብዬ ወደ ሚዛኔ እመለሳለሁ።

ያኔ የምኖረው በኒ ማሊክ በሚባለው የጅዳ ሰፈር ነበር። ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ። ሴት ልጅ ሁሉ ፓስፖርት የምታወጣበት፣ የወሎ ገጠር በሴት ልጁ ሪያል ሣር ቤቱን አፍርሶ ቆርቆሮ የሚከድንበት፣ አገር ቤት ለመደወል ካርድ በሳንቲም የምንፍቅበት ጊዜ ነው። በአሥር ሪያል ካርድ እናትሽን ደህንነቷን ጠይቀሽ፣ ወንድምሽን ሰድበሽ፣ ስለ ላሚቱ ማውራት ስትጀምሪ ይቋረጣል። የምሸጠው ተራ አባያ፣ ያ ጥቁር መደረቢያ፣ ሠላሳ ሪያል፣ እጅጌው ላይ ዶቃ ጣል ጣል ያለበት ሃምሳ ነበር፤ እኔ ሃምሳውን ሰማንያ ብዬ እጠራና በስልሳ አምስት እለቀዋለሁ፤ ገዢዋም አታለልኳት ብላ እየሳቀች ትሄዳለች። በርበሬ በዑምራ ተጓዥ ሻንጣ ይመጣል፣ ሽሮም እንዲሁ። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ የፉል ቤቱ ጥግ ላይ ያለው ካሴት ሻጭ መንዙማ ይከፍታል፤ ማታውን ያው ሰውዬ፣ ያው ካሴት ማጫወቻ፣ የሰርግ ዘፈን ነው። ያገራችን ልጆች ከአባያቸው ስር አበባ አበባ ያለበት ስስ ዲሪያ ለብሰው ይመጡና የኔን ዕቃ እየገለባበጡ ይስቃሉ። እንዲህ ሳወራው ደስ የሚል ይመስላል። አልነበረም። ከየመናዊ በተከራየኋቸው ሁለት ክፍሎች ውስጥ ሰው እግሩን የሚዘረጋው ሌላው ሲያጥፍለት ነው። እንደዚያ የሚኖር ሰው ደግሞ ይጣላል።

ከሁሉ በላይ የሚጣሉት ሰዓዳና ዘሀራ ነበሩ። ሰዓዳ የባቲ ልጅ ናት፤ አርባን ያለፈች፣ ቀጭን፣ ምላሷ ስለት። ኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ወረቀት አላት፤ የጽዳት ሠራተኛ የሚያቀርብ አንድ ሸሪካ፣ ማለት ኩባንያ፣ ቀጥሯት በአንድ ትልቅ ሆስፒታል ወለል ትወለውላለች። ዘሀራ የሀርቡ ናት፤ ትከሻዋ እንደ ወንድ የሰፋ፣ ሳቋ ደረጃ የሚያናጋ። በዑምራ መጥታ የቀረች ስለሆነች ወረቀት የሚባል ነገር የላትም፤ በየቤቱ በቀን ትሠራለች። የጠባቸው መነሻ ሙከይፉ ነው፤ ያ እንደ ወፍጮ የሚጮኽ ማቀዝቀዣ። ሰዓዳ ሥራ ውላ ስትመለስ ዘሀራ ከሱ ስር ያለውን ቦታ ይዛ ተኝታ አገኘቻት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታቸው ስድብ ሆነ። እኔ ሁለቱንም አከራያቸዋለሁ፣ ለሁለቱም እሸጣለሁ፤ ስለዚህ ሁለቱንም እሰማለሁ።

ለማያውቅ ስለ ፈህስ ልንገር። ፈህስ ምርመራ ነው። ኢቃማ ሊወጣም ሆነ ሊታደስ ሲል ደም ይቀዳል፣ ሽንት ይወሰዳል፣ ደረት ፎቶ ይነሳል። አንድ ነገር የተገኘባት ሴት አትታከምም፤ ትሸኛለች። ማዳሟ ልብሷን በፌስታል አድርጋ ታስረክባታለች፣ ኸላስ። ስለዚህ ለኛ ሐኪም ማለት ሚዛን ላይ አውጥቶ "ይህቺ አልሞላችም" የሚል ሰው ነው። ሰው ደግሞ ብልሃት አያጣም። ሳል የያዛት፣ ጉበቷን የምትጠራጠር ልጅ በራሷ አትሄድም፤ ጤነኛ ሴት ኢቃማዋን ይዛላት ትገባለች። ፊት በኒቃብ ተሸፍኗል፣ የኢቃማው ፎቶ የደበዘዘ ነው፣ መርፌ የምትወጋው ነርስም ከክንድ በላይ የምታይበት ጊዜ የላትም። በበኒ ማሊክ ለዚህ ሥራ ስሟ የተጠራ ዘሀራ ነበረች። ሌላዋ በመልኳ ትኮራለች፣ ዘሀራ በሽንቷ ትኮራ ነበር። "እኔ በገባሁበት ወድቃ የተመለሰች የለችም" ትላለች፣ እንደ ጠበቃ።

የሰዓዳ ሆስፒታል ምድር ቤት ውስጥ የጽዳት ሴቶች ልብስ የሚቀይሩበት ክፍል አለ። በሳምንት አንድ ቀን ዕቃዬን በጥቁር ቦርሳ ይዤ እገባለሁ፤ ዘበኛው ሽቶ ይወዳል። አንድ ቀን አባያ ዘርግቼ ሳለሁ ዶክተር ሰላማዊት ገባች። የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ ነጭ ጋዋን፣ ተረከዙ ቋ ቋ የሚል ጫማ። ባየናት ቁጥር ያገራችን ሰው ናት ብለን ፈገግ እንላለን፤ እሷ ግን ግድግዳ እንዳየች ታልፋለች። ሐኪምና ሸጋላ፣ ማለት የቤት ሠራተኛ፣ ባንድ ቋንቋ እንደሚናገሩ አረቦቹ እንዳያውቁባት የምትፈራ ይመስለኝ ነበር። ያን ቀን ግን "እንደምን ዋላችሁ" አለች። ሴቶቹ የሞተ ሰው የተነሳ ያህል ደነገጡ።

"ሆስፒታሉ ለሠራተኞቹ የጡት ቅድመ ምርመራ ጀምሯል" አለች። "ዕድሜያችሁ ከአርባ በላይ የሆናችሁ ሁሉ ፎቶ ትነሳላችሁ። ሳይታመሙ መመርመር ማለት ነው።"

"ሳይርበው የሚበላ የማዳም ልጅ ብቻ ይመስለኝ ነበር" አለች ሰዓዳ።

"በሽታው ሳይባባስ ለመድረስ ነው።"

"ካገኛችሁብንስ?"

"እናክማችኋለን። የሸሪካው ታሚን፣ ኢንሹራንሳችሁ ይከፍላል።"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አንዷማ የለካችውን አባያ እጅጌ አፏ ውስጥ ከታ ሳቀች፤ በኋላ አስከፍያታለሁ። ሰዓዳ አልሳቀችም።

"ዶክተር፣ እርስዎ ተመርምረዋል?"

ዶክተሯ ጋዋኗን አስተካከለች። "እኔ… ጊዜ አልተመቸኝም እንጂ እመረመራለሁ።"

"ነርሶቹስ?"

"ለነሱ በፈቃድ ነው።"

"ለኛስ?"

"ለናንተ ሸሪካው ኮንትራት ከማደሱ በፊት ውጤት እፈልጋለሁ ብሏል።"

"አሃ! ለናንተ ግብዣ፣ ለኛ ግዳጅ።"

ዶክተሯ ፊቷ ቀላ። "እኔ ለናንተው ብዬ ነው የመጣሁት። ካልፈለጋችሁ ደግሞ የራሳችሁ ጉዳይ!" ብላ ጫማዋን እያቋቋች ወጣች። ሴቶቹም የሰሙት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ኮንትራት፣ ውጤት። በኛ አማርኛ ይህ ፈህስ ነው።

ሰዓዳ ምንም አላመማትም። ግን ማን ያውቃል? እዚያ አገር ሰው የሚሸኘው ባላወቀው ነገር ነው። ኩራቷን ዋጥ አድርጋ ወደ ጠላቷ ሄደች።

"ደም ነው ሽንት?" አለች ዘሀራ፣ እግሯን እንደዘረጋች።

"ጡት ነው። ፎቶ ያነሱታል።"

"ለፎቶማ ምን ገዶኝ! የኔን ያየ የሌላዋን ተዉት ይላል እንጂ።"

በሰዓዳ ኢቃማ ሄዳ ፎቶውን ተነስታ መጣች። ስትመለስ ግን ተቆጥታ ነበር። "በሁለት ብረት መሃል አድርገው እንደ ሊጥ ደፈጠጡት! ወላሂ፣ ይሄ ከደም በላይ ያስከፍላል" አለች። ተጨቃጨቁ፣ ተሰዳደቡ፣ ተለያዩ። በዚያው ሰሞን ዘሀራ መካ ሥራ አገኘችና አንድ ቤት ገባች፤ ሰዓዳም ከሙከይፉ ስር ያለውን ቦታ መልሳ ያዘች። ሰላም ወረደ።

ሰላሙ አልቆየም። አንድ ቀን ከሰዓት ሰዓዳ በሩን በእግሯ ብላ ገባች። ዶክተሯ ጠርታት በግራ ጡትሽ አንድ ነገር ታይቷል፣ በመርፌ ተወስዶ ይመርመር ብላታለች።

"አየሽ ይቺን ሌባ!" ትላለች፣ አባያዋን እየወረወረች። "ጤና ገዛሁ ብዬ በሽታ ሸጠችልኝ! በስሜ ላይ! እኔ እንደሆንኩ ንጹሕ ነኝ፣ እዪኝ!" ብላ ደረቷን ትደበድባለች።

"ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?"

"ምን አደርጋለሁ? ቅዳሜ ራሴ እሄዳለሁ። ድጋሚ ያንሱኛ! ምንም አያገኙም። ማሽኑ ተሳስቷል ይላሉ፤ ኸላስ!"

እውነቷን ነው፤ ቀላሉ መንገድ ይሄ ነበር። የሰዓዳ ስም ይጸዳል፣ ኮንትራቷ ይታደሳል። "ያቺስ?" አልኳት።

"የቷ?"

"ጡቱ ያለባት።"

ቁጭ አለች። "እኔ ምን አገባኝ? ጓደኛዬ አይደለችም፣ ዘመዴ አይደለችም። ቦታዬን የቀማችኝ ሴት ናት።"

"አንቺ ንጹሕ ጡትሽን ካሳየሻቸው የሷ ፎቶ ቅርጫት ውስጥ ይገባል። ወረቀት የላት፣ የትም ሆስፒታል አትገባ። ያኔ ቀበርኳት በይው።"

"አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ሸይኽ የሆንሽው? አባያሽን ሽጪ!" አለችኝ። ሌሊቱን ግን ስትገላበጥ ሰማኋት። ዘሀራ ስልክ አታነሳም፤ ማዳሟ ወስዳባት ይሆናል። ሰዓዳ በነጋታው፣ ዓርብ፣ "መካ እሄዳለሁ" አለች። "ለምን?" ስላት፣ "ፊቷ ላይ ልተፋ" አለች። አብሬያት ሄድኩ፤ እንዲህ ያለ መንገድ ብቻን አያስኬድም።

በባሕራ በኩል የሚያልፈውን የድሮውን መንገድ ያዝን። ሹፌሩ እዚያ ጎማ ሊያስነፋ ቆመ፤ ጋራዥ፣ የጎማ ክምር፣ ሻይ በወረቀት ኩባያ፣ የዘይት ሽታ። ሰዓዳ ሻዩን ሳትጠጣ ያንን የምትለውን ስድብ ትለማመድ ነበር፤ ከንፈሯ ከኒቃቡ ስር ሲንቀሳቀስ ይታየኛል። ከባሕራ አለፍ ሲል ሙስሊም ያልሆነ በዚህ ይታጠፍ የሚለው ሰሌዳ መጣ። ዶክተር ሰላማዊት ክርስቲያን ናት፤ ብትፈልግ እንኳ ከዚያ ሰሌዳ ማለፍ አትችልም። ነገሩ በኛ እጅ ነው የወደቀው፤ ያውም ልትተፋ በምትሄድ ሴት እጅ።

ዘሀራ ያለችበትን ቤት ጠይቀን አገኘነው። ቆሻሻ ልትጥል ስትወጣ ጠበቅናት። ስታየን ፌስታሉ ከእጇ ወደቀ።

"ምነው? ሰው ሞተ?"

"ገና ነው" አለች ሰዓዳ።

ነገርናት። ዘሀራ ሳቀች፤ ያ ደረጃ የሚያናጋው ሳቅ ግን አልነበረም፤ ወደኔ ዞረች። "እኔ? እኔ ታምሜ አውቃለሁ? እቴ ሩቂያ፣ ትሰሚያታለሽ? የከፈለችውን ልታስመልስ ነው! ምቀኛ!"

ሰዓዳ እጇን ይዛ እየጎተተች ጥጉ ላይ ወዳለው የሰፈር መስጊድ፣ ሴቶች ውዱእ የሚያደርጉበት፣ ለሶላት የሚታጠቡበት ክፍል አስገባቻት፤ እኔ በሩ ላይ ቆምኩ። ዘሀራ ሁለት እሷን የምታክል ጉልበት አላት፤ ብትፈልግ ትጥላት ነበር። አልጣለቻትም። ሰዓዳ ኒቃቧን ገለበጠች፣ እጇን በዘሀራ ዲሪያ አንገት አስገባች፣ ፈለገች። የቧንቧው ውኃ ይንጠባጠባል። ከዚያ እጇ ቆመ። እኔም ጠርታኝ ዳሰስኩት፤ የቴምር ፍሬ ያህል፣ የማይሸሽ ድንጋይ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለች ሰዓዳ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

"ከረመዳን በፊት። ማዳም በክርኗ የመታችኝ ቦታ መስሎኝ።"

"ለምን አልተናገርሽም?"

"ለማን? በየትኛው ወረቀቴ?" አለች ዘሀራ፤ አሁን ታለቅስ ጀመር። "ጤነኛ ነኝ ብዬ አይደል የምበላው? ታመምኩ ካልኩ ማን ይልከኛል?"

ሰዓዳ ከጅዳ ድረስ ያመጣችውን ስድብ የት እንዳደረገችው አላውቅም። እጇን በቧንቧው ታጠበች፣ በአባያዋ ጠረገች።

"ያላ፣ ጫማሽን አድርጊ።"

"ወዴት?"

"ቀጠሮሽ ነዋ፣ ቅዳሜ።"

"ስሙ ያንቺ ነው እኮ።"

"ስሙ የኔ ነው፤ ጡቱ ያንቺ ነው። እኔ የሰው ዕቃ አላስቀምጥም።"

በማግስቱ ሦስታችንም ዶክተር ሰላማዊት ፊት ቆምን። ዶክተሯ ኢቃማውን አየች። ዘሀራን ኒቃቧን አስገለጠቻት፤ እንደገና ኢቃማውን አየች። ፎቶው ላይ ያለችው ቀጭን፣ ከፊቷ የቆመችው ጋራ የምታህል ሴት። ተነስታ በሩን ዘጋች።

"ሁለታችሁንም ላስይዛችሁ እንደምችል ታውቃላችሁ?"

"እናውቃለን" አለች ሰዓዳ። "ዛሬም ካስያዙን እዚያው የእስር ቤቱን ወለል እንወለውላለን፣ ምን ይመጣል። እሷን ግን መጀመሪያ ይመልከቷት።"

ዶክተሯ ሰዓዳን እንደዚያ ፍጥጥ ብላ ስታይ ግድግዳ እያየች አልነበረም። ወደ ዘሀራ ዞረች። "ስም?"

"ሰ… ሰዓዳ።"

"ጮክ በዪ!"

"ሰዓዳ!"

"ቀዶ ጥገና ካስፈለገሽ፣ ከማደንዘዣ ስትነቂ ሰዓዳ ሲሉሽ አቤት በዪ። ሌላ ስም ከተናገርሽ እኔ አላውቅሽም፤ ሥራዬን ላንቺ ብዬ አላጣም።" ከዚያ ለሰዓዳ፤ "አንቺ ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ ታመሻል። ቤትሽ ገብተሽ ተኚ፤ ሆስፒታሉ ውስጥ እንዳላይሽ።" ደግ ቃል አልወጣትም። እስከ መጨረሻውም አልወጣትም። በዚህ ግን አልዋሸችም፤ የመርፌው ውጤት ካንሰር ሆኖ የዘሀራ ጡት ሲቆረጥ ታሚኑ ከፈለ። በዚያ አገር ከተነገሩኝ ተስፋዎች አንዱ እውነት ሲሆን ያየሁት ያኔ ነው፤ ራሷ ተመረመረች ወይ ካላችሁ አላውቅም።

የሰዓዳን ሕመም ግን ማየት ነበረባችሁ። በሁለት ጤነኛ ጡት ቤቴ ተኛች። ግብጻዊው አለቃዋ ለታማሚዋ ብሎ ፖምና የማንጎ ጭማቂ ላከላት፤ እየተራገመች በላችው። ሆስፒታሉ የያዘው ስልክ የሷ ስለሆነ ዶክተሯ የምትደውለው ለሷ ነው። "በዚያ እጅሽ ከባድ ነገር አታንሺ፣ ክኒኑን ሳትበዪ አትውሰጂ" ስትላት፣ ሰዓዳ "እሺ ዶክተር፣ እሺ ዶክተር" እያለች ጥርሷን ታፋጫለች።

ዘሀራን ሲቀዷት ደጅ ሆኜ የጠበቅኳት እኔ ነበርኩ። ስትወጣ ገና ደንዝዛለች። አረብ ነርስ ጉንጯን መታ መታ እያደረገች "ሰዓዳ! ያ ሰዓዳ!" አለቻት። ዘሀራ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ ጥርት ባለ አረብኛ፣ "ሰዓዳን አላህ አይባርካት!" አለች። ነርሷ ደንግጣ ወደኔ ዞረች።

"ምንም አይደል እህቴ" አልኳት። "ከራሷ ጋር የቆየ ጠብ አላት።"

ቀድሞ ተደርሶበታል፣ አልተዛመተም አሉ። ዘሀራ ዛሬም ሀርቡ ገበያ ሽንኩርት ትሸጣለች፤ ግራ ትከሻዋ ዝቅ ያለ ነው እንጂ ሳቋ ተመልሷል። ዋጋውን የከፈለችው ሌላዋ ናት። የኮንትራት ማደሻ ሲደርስ ሸሪካው መዝገብ ገለጠ፤ ሰዓዳ፣ ጡቷ የተቆረጠ፣ ለሥራ ብቁ አይደለችም። ዶክተሯ ለሥራ ብቁ ናት ብላ ጽፋላት ነበር አሉ፤ ሸሪካ ደብዳቤ አያነብም። ሰዓዳም ልብሷን ገልጣ ንጹሕ ነኝ ማለት አትችልም፤ ካለች ዘሀራ ትያዛለች፣ ዶክተሯም ትጠፋለች። እኛ ሁሉ ስንፈራው የኖርነው ነገር ምንም ያልነካትን ሴት ወሰዳት። ጤነኛዋ ሰዓዳ በሕመም ተሸኘች።

የሄደችበት ቀን ታክሲው ከፉል ቤቱ ጥግ ቆመ። ሦስት ብርድ ልብስ፣ በገመድ የታሰረ ሻንጣ፣ ለእናቷ የገዛችው የፕላስቲክ ምንጣፍ። ዘሀራ ከደረጃው ወረደች። ከዚያ የመካ ቀን ወዲህ አንድም ቀን በጎ ቃል አልተለዋወጡም፤ ምስጋና እንኳ በመሃላቸው አላለፈም። ሻንጣውን በግራ እጇ አነሳችው።

"አስቀምጪው!" ብላ ጮኸች ሰዓዳ። መንገደኛው ሁሉ ዞረ። "በግራ እጅሽ ከባድ እንዳታነሺ ተብለሻል!"

"ማን ነገረኝ?"

"ለኔ ነው የነገሩኝ! ታማሚዋ እኔ አይደለሁ?" ሻንጣውን ነጥቃ ታክሲው ውስጥ ወረወረችው። ገባች፣ በሩን ዘጋች፣ መስኮቱን ከፈተች። ታክሲው መንቀሳቀስ ሲጀምር አንገቷን አወጣች። "በዚያ ጎንሽ አትተኚ! በዚያ እጅ ደም አታስቀጂ! ክኒኑን በባዶ ሆድሽ አትዋጪ፣ አንቺ ጅብ!"

ዘሀራ እግረኛው መንገድ ላይ ቆማ ታያታለች፤ እንባዋ በኒቃቧ ስር ይወርዳል፣ ወገቧን ግን ይዛለች።

"ደግሞ ስትሞቺ በራስሽ ስም ሙቺ!" አለች ሰዓዳ ከሩቅ። "የኔን አልሰጥሽም!"

"ኢንሻአላህ!" ብላ መለሰችላት ዘሀራ፣ የሰፈሩ ውሻ እስኪነሳ ድረስ። "ካንቺ በኋላ!"